ሉብራክስ የተጻፈበት ማሊያ

ሚላን ነው ብዬ ነው የገዛሁት። መርካቶ፣ ሰልባጅ ከተከመረበት መሃል ቀይና ጥቁር መስመር አየሁና መዘዝኩት። ሻጩም «ኦሪጅናል ሚላን!» አለኝ። ተከራከርኩ፣ ትንሽ አስቀነስኩ፣ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ስዘረጋው መስመሩ አግድም ነው። የሚላን ቁልቁል ነው የሚወርደው። ደረቱ ላይ ደግሞ «ሉብራክስ» ይላል። የሰፈር ልጆች አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ። «ጋደም ያለ ሚላን» የሚል ስምም ወጣልኝ።

ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ ሉብራክስ ምን እንደሆነ ስፈልግ የሞተር ዘይት ሆኖ አገኘሁት። በወቅቱ የብራዚሉ ፔትሮብራስ ነበር የሚያመርተው። ማሊያው የሪዮ ዴ ጄኔሮው ፍላሜንጎ ነበር። የፍላሜንጎ ደጋፊ የሆንኩት እንዲህ ነው። በፍቅር ሳይሆን በኪሳራ።

ከዚያ ወዲህ ውጤቱን እከታተላለሁ። አንድ ነገር ግን ለዓመታት ግራ ሲያጋባኝ ኖሯል። ጥር በገባ ቁጥር ፍላሜንጎ ሰምቼያቸው ከማላውቃቸው ቡድኖች ጋር ይጫወታል። ባንጉ። ማዱሬይራ። ቦአቪስታ። ቮልታ ሬዶንዳ። ያውም ብዙ ጊዜ በዋናው ቡድን ሳይሆን በተስፋ ቡድን ልጆች። አንዳንዴም ይሸነፋል። ማንም ብዙ አይደነግጥም። ታዲያ የማይደነገጥበትን ጨዋታ ለምን ይጫወቱታል?

ነገሩን ስቆፍረው የገባሁበት ጉድጓድ ጥልቅ ሆኖ አገኘሁት። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ብራዚል 26 ግዛቶችና አንድ የፌዴራል ወረዳ አሏት። እያንዳንዳቸው የራሳቸው የእግር ኳስ ፌዴሬሽን አላቸው፤ እያንዳንዱ ፌዴሬሽን ደግሞ በየዓመቱ የራሱን ሻምፒዮና ያዘጋጃል። የእኛን የአዲስ አበባ ከተማ ዋንጫ አስቡት። ፕሪሚየር ሊጉ ሳይጀመር ለማሟሟቂያ የሚደረገውን። ልዩነቱ የእነሱ ማሟሟቂያ ለዓመታት ከጥር እስከ ሚያዝያ መዝለቁ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። የእነሱ ማሟሟቂያ ከዋናው ሊግ በዕድሜ ይበልጣል።

በጣም ይበልጣል። የሳኦ ፓውሎ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1902 ነው። የሪዮው፣ ካሪዮካ የሚባለው፣ በ1906። ብሔራዊው ሊግ የመጣው በ1971 ነው። ሀገሩ ስምንት ሚሊዮን ተኩል ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላን እንደ አውቶቡስ ሳይለመድ በፊት ከደቡብ ጫፍ ወደ ሰሜን ሄዶ ኳስ መጫወት የማይታሰብ ነገር ነበር። ስለዚህ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተጫወተ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጣላ፣ ታሪኩንም ከጎረቤቱ ጋር ሠራ። ፔሌ በ1958 በአንድ የውድድር ዘመን 58 ጎል ያገባው በሳኦ ፓውሎ ግዛት ሻምፒዮና ነው። ዕድሜው 17 እና 18 ነበር። በታኅሣሥ 1963 ፍላሜንጎና ፍሉሚኔንሴ ማራካና ላይ ሲገናኙ ስታዲየሙ ውስጥ 194,603 ሰው ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ የመጣው ለግዛት ዋንጫ ነው። ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ። ለፍላሜንጎ እኩል መውጣት ይበቃው ነበርና ዋንጫውን ወሰደ። ሁለት መቶ ሺህ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሰው ጎል ሳያይ ወደ ቤቱ ገባ።

ይህን ሳነብ የልጅነት ሞኝነቴ ነው መሰለኝ፣ «ታዲያ ትልልቆቹን ክለቦችና ፌዴሬሽኖቹን ምን ያጣላቸዋል?» አልኩ።

ገንዘብ ነዋ።

ፍላሜንጎ አሁን የዓመት ገቢው ከአንድ ቢሊዮን ሬያል (የብራዚል ገንዘብ) በላይ የሆነ ክለብ ነው። ብሔራዊው ሊግ 38 ጨዋታ አለው። ከዚያ የብራዚል ጥሎ ማለፍ አለ፤ የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮኖች ዋንጫ፣ ኮፓ ሊበርታዶሬስ፣ አለ። በዚያ ላይ የግዛቱ ሻምፒዮና ሲጨመር አንድ ትልቅ ክለብ በዓመት ከ70 ጨዋታ በላይ ይሠራል። ውዱ ተጫዋች ጥር ላይ ከእረፍት ገና መመለሱ ነው። ጡንቻው አልተፍታታም። በዚያ ሰዓት ጥቂት ሺህ ሰው በሚያየው ጨዋታ፣ ሣሩ በተጎሳቆለ ሜዳ ላይ እግሩ ቢሰበር ማን ይከፍላል? ክለቡ ነው። ከትኬት ሽያጩ ላይ ግን ፌዴሬሽኑ ድርሻውን የሚያነሳው ወጪ ሳይቀነስ፣ ከጠቅላላው ነው። የስታዲየም ኪራይ፣ ጥበቃ፣ መብራት፣ ዳኛ ሲከፈል ባለሜዳው ክለብ ከራሱ ኪስ ጨምሮ የሚወጣበት ጊዜ አለ። በራስህ ሰርግ ላይ ከስሮ ማደር በሉት።

በዚህ ምክንያት ነው ጨዋታዎቹ መሰደድ የጀመሩት። በጥር 2024 ፍላሜንጎ የሪዮ ሻምፒዮናን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ማናውስ ላይ ነው። አማዞን ጫካ መሃል። ከሪዮ በአየር 2,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እዚያ ያሉ የፍላሜንጎ ደጋፊዎች ቡድናቸውን በዓይናቸው የሚያዩት በስንት አንዴ ስለሆነ ለትኬት አይሰስቱም። ትንንሾቹ ክለቦችም ፍላሜንጎን «የሚያስተናግዱበትን» ጨዋታ ለአዘጋጅ ይሸጡና በሌላ ግዛት ይጫወታሉ። ባለሜዳው ክለብ ሜዳውን አያየውም። የሰፈሩ ሰው ደግሞ በዓመት አንዴ ትልቁን ቡድን በሰፈሩ የማየት ዕድሉን አጣ። የጎረቤት ፉክክር እንዲሆን የተፈጠረው ነገር በአውሮፕላን ትኬት ይጓዛል።

የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ግን ዋናው የጦር ሜዳ ነው።

በ1998 የወጣው፣ በፔሌ ስም የሚጠራው የስፖርት ሕግ አንድን ጨዋታ ለማስተላለፍ የሁለቱም ቡድኖች ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግግ ነበር። በ2020 ግሎቦ የተባለው ግዙፉ የቴሌቪዥን ድርጅት ከሪዮ ክለቦች ጋር ውል ነበረው። ፍላሜንጎ ግን «ሰው የሚያየው እኔን ነው፣ ጨምሩ» ብሎ አልፈርምም አለ። ስለዚህ የፍላሜንጎ ጨዋታዎች ሊተላለፉ አልቻሉም። በሀገሩ ብዙ ደጋፊ ያለው ቡድን ይጫወታል፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ሁሉም ቆመ። ሪዮ ውስጥ ሰው እየሞተ፣ ፍላሜንጎና የግዛቱ ፌዴሬሽን ጨዋታው ይጀመር አሉ። ሌሎቹ የሪዮ ትልልቅ ክለቦች፣ ፍሉሚኔንሴና ቦታፎጎ፣ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ሰኔ 18 ቀን 2020 ፍላሜንጎና ባንጉ ባዶው ማራካና ውስጥ ተጫወቱ። በስታዲየሙ ቅጥር ውስጥ የኮሮና ጊዜያዊ ሆስፒታል ተተክሎ ነበር። የዚያን ዕለት እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ሕሙማን አረፉ። ፍላሜንጎ 3 ለ 0 አሸነፈ። በዚያው ቀን ፕሬዝዳንት ቦልሶናሮ አንድ ጊዜያዊ አዋጅ ፈረሙ፤ የማስተላለፍ መብቱ የባለሜዳው ክለብ ብቻ ይሁን የሚል። ፍላሜንጎ ሲመኘው የነበረው ነገር ነው።

እኔ በዚያ ወቅት ክለቤን እንደምደግፍ ለሰው መናገር አፍሬ ነበር። አሁንም ያን ጨዋታ ሳስበው ደስ አይለኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 1፣ ፍላሜንጎ ከቦአቪስታ ጋር ያደረገውን ጨዋታ በራሱ የዩቲዩብ ቻናል አስተላለፈ። በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው። እኔ አልነበርኩበትም። ከዋዜማው ጀምሮ እኛ ሀገር ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ በዚያ ሰሞን የሁላችንም ሐሳብ ኳስ ላይ አልነበረም። መስመሩ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። ያኔ ገብቼ ቅጂውን አየሁት። ተንታኞቹ የክለቡ ሰዎች ናቸው፣ ጎል ሲገባ ይጮሃሉ፣ ዳኛውን ይወቅሳሉ። ሰርግ ቪዲዮ ይመስላል። ግን ገባኝ። አንድ ክለብ ቴሌቪዥን ሳያስፈልገው ብቻውን 2 ሚሊዮን ሰው መሰብሰብ ከቻለ፣ ከማን ጋር ነው የሚደራደረው? ለምንስ ይደራደራል?

በነጋታው ግሎቦ «ውሉ ፈርሷል» ብሎ ከሪዮ ሻምፒዮና ወጣ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ጎበዙ ክለብ ሞኖፖሊውን አሸነፈ ብዬ አጨበጭብ ነበር። ለፍላሜንጎ ከግሎቦ የሚመጣው የግዛት ገንዘብ ከገቢው ጥቂቱ ነው። ለባንጉ ወይም ለማዱሬይራ ግን እንጀራ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሻምፒዮናውን ሌላ ጣቢያ በጣም ባነሰ ዋጋ ወሰደው። ዝሆኖቹ ተጣሉ፣ ሣሩ ላይ ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ። የቦልሶናሮ አዋጅ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሳይጸድቅ ጊዜው አለፈበት፤ በ2021 ግን ያው ሐሳብ መደበኛ ሕግ ሆኖ ወጣ።

ይህ የሪዮ ብቻ ጠባይ አይደለም። ደቡብ ላይ ኩሪቲባ የምትባል ከተማ አለች። በየካቲት 2017 የከተማዋ ሁለት ባላንጣዎች፣ አትሌቲኮ እና ኮሪቲባ፣ ቴሌቪዥኑ ያቀረበላቸውን ዋጋ ንቀው ደርቢያቸውን በዩቲዩብ ለማስተላለፍ ተስማሙ። ባላንጣዎች ተስማሙ፣ ልብ በሉ። ተጫዋቾቹ ሜዳ ገቡ፣ ደጋፊው ተቀምጧል። ፌዴሬሽኑ «የቀረጻ ቡድኑ ፈቃድ የለውም» ብሎ ጨዋታው እንዳይጀመር አዘዘ። ሁለቱ ቡድኖች መሃል ሜዳ ላይ አብረው ሆነው ደጋፊውን ተሰናብተው ወጡ። ከቀናት በኋላ ተጫወቱት። በኢንተርኔትም ተላለፈ። ይኸው አትሌቲኮ ለዓመታት የግዛቱን ሻምፒዮና በወጣቶች ቡድን ሲጫወት የኖረ ነው። ንቀቱን የሚደብቅ ክለብ አይደለም።

እዚህ ድረስ እኔ ሙሉ በሙሉ ከትልልቆቹ ጎን ነበርኩ። አፍርሱት፣ ይገላግላችሁ እል ነበር። ሐሳቤን ያናወጠው አንድ የሰፈሬ ልጅ ነው።

ልጁ አብሮኝ ያደገ ነው። ግራ እግሩ ወርቅ ነበር። በታችኛው ሊግ ለሚጫወት አንድ ክለብ ፈርሞ ሁለት ዓመት ተጫወተ። ከዚያ ውስጥ ደመወዝ በወቅቱ ያገኘበትን ወር በጣት መቁጠር ይቻላል። ሲጠይቁ «በጀት አልተለቀቀም» ይባላሉ። ውድድር ሲያልቅ ካምፑ ይዘጋል፤ ልጁ ሻንጣውን ይዞ እናቱ ቤት ይመለሳል። አሁን ባጃጅ ይነዳል። አንድ ቀን ባጃጁ ውስጥ ተቀምጬ ስለ ብራዚል ስለፈልፍለት፣ «ትልልቆቹ ከወጡ ትንንሾቹ ከማን ጋር ይጫወታሉ?» አለኝ።

«እርስ በርሳቸው።»

«እሱን ማን ገብቶ ያያል?»

ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ ቁጥሩን ፈለግኩ። የብራዚል እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2016 መጀመሪያ ባወጣው አኃዝ፣ በቀደመው ዓመት ከተመዘገቡት 28,203 ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ውስጥ 82 በመቶው በወር የሚያገኙት ቢበዛ አንድ ሺህ ሬያል ነው። በዚያን ጊዜ የሀገሩ ዝቅተኛ ደመወዝ 788 ሬያል ነበር። በቴሌቪዥን የምናየው ያ ሁሉ ጭፈራ፣ ያ ሁሉ ዝውውር፣ የቀሩት ጥቂቶች ሕይወት ነው። አብዛኛው ተጫዋች የሚቀጠረው ለግዛት ሻምፒዮና ነው። ጥር ይፈርማል፣ ሚያዝያ ላይ ሥራ ፈት ነው። ብሔራዊው አራተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ለመግባት እንኳ በሩ በአብዛኛው በግዛት ሻምፒዮና በኩል ነው።

ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይህን ያውቁታል። በ2013 «ቦም ሴንሶ» የሚባል እንቅስቃሴ አቋቁመው ነበር፤ «መልካም ማስተዋል» እንደማለት ነው። የትልልቅ ክለብ ኮከቦች ነበሩበት። የጠየቁት ለራሳቸው እረፍት ብቻ አልነበረም። እኛ ጨዋታ በዝቶብናል፣ ትንንሾቹ ጨዋታ አጥተዋል፣ አከፋፍሉን ነው ያሉት። አንድ ምሽት ሳኦ ፓውሎና ፍላሜንጎ ጨዋታው ተጀምሮ ኳሷን ወዲያ ወዲህ እየመቱ ተቃውሟቸውን አሳዩ። እኔ ከዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ሚዛናዊ ነገር የተናገረ ያገኘሁት እነሱን ነው። ሰሚ አላገኙም።

የሪዮ ትንንሽ ክለቦች ደግሞ ዝም ብለው ትንንሽ አይደሉም። ሳኦ ክሪስቶቫኦ በ1926 የሪዮ ሻምፒዮን ነበር። ባንጉ ሁለት ጊዜ ወስዷል፣ በ1933 እና በ1966። አሜሪካ የሚባለው ክለብ ሰባት ዋንጫ አለው። የ2002ቱ ሮናልዶ፣ ያ ግንባሩ ላይ ብቻ ፀጉር ያስቀረውና ሰፈራችንን ሁሉ እንደሱ ያስቆረጠን፣ ከሳኦ ክሪስቶቫኦ ነው የወጣው። ልጅ እያለ ፍላሜንጎ ሙከራ ሄዶ ክለቡ የአውቶቡስ ሳንቲም አልሸፍንም ስላለው ቀረ ይባላል። የአውቶቡስ! ዛሬ የሳኦ ክሪስቶቫኦ ስታዲየም በስሙ ይጠራል። ክለቡ ግን ታች ወርዷል። ፍላሜንጎ «ሰው የሚያየው እኔን ነው» ሲል ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ታዲያ ፌዴሬሽኖቹ የድሆች ጠበቃ ናቸው? እንዲህ ይላሉ። እኔ ግን የድምፅ አሰጣጡን ካየሁ በኋላ ማመን ከበደኝ።

የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዝዳንት ሲመረጥ 27ቱ የግዛት ፌዴሬሽኖች እያንዳንዳቸው ሦስት ድምፅ አላቸው። 81። የአንደኛ ዲቪዚዮን 20 ክለቦች ሁለት ሁለት፣ የሁለተኛው 20 ክለቦች አንድ አንድ። ተደምሮ 60። ክለቦቹ ሁሉ ፍላሜንጎን ጨምረው በአንድ ቃል ቢነሱ እንኳ ይሸነፋሉ። በግንቦት 2025 የሆነው ይኸው ነው። አብዛኞቹ ክለቦች የሳኦ ፓውሎውን ፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ፈልገው ነበር። ዕጩ ለመሆን የስምንት ፌዴሬሽኖች ፊርማ ያስፈልጋል፤ አላገኘም። 25 ፌዴሬሽኖች ሳሚር ሻውድ ከሚባል ሐኪም ጎን ቆሙ፤ ብቻውን ተወዳድሮ ተመረጠ። ብዙ ክለቦች ምርጫውን ረግጠው ቀሩ። ሰውየው የመጣው ከሮራይማ ነው። የሮራይማ ሕዝብ በ2022 ቆጠራ 637 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከግዛቶቹ ሁሉ ትንሹ። በብሔራዊው ሊግ አንደኛ ዲቪዚዮን ተጫውቶ የሚያውቅ ክለብም የላትም። የግዛቱን ፌዴሬሽን ለአሥርተ ዓመታት የመሩት ደግሞ አባቱ ናቸው።

ይህ ነገር የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ወታደሮች ብራዚልን በሚገዙበት ዘመን፣ በ1979፣ ብሔራዊው ሊግ 94 ክለብ ደርሶ ነበር። የገዥው ፓርቲ ድጋፍ በሳሳበት ቦታ ሁሉ አንድ ክለብ ወደ ሊጉ ይገባል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ኳስ እና ድምፅ እዚያ ሀገር የቆየ ትዳር ናቸው።

የግዛት ሻምፒዮናው ከሌለ የግዛት ፌዴሬሽኑ ምን ይሠራል? ፌዴሬሽኑ ከሌለ ማን ይመርጣል? ለእኔ ሻምፒዮናው ሳይሞት የቆየው በዋናነት በዚህ ሒሳብ ነው። ድሃው ክለብ ሁለቱም ወገኖች ሲከራከሩ የሚያነሱት ስም ነው። ትልልቆቹ «ለእነሱም የተሻለ ካላንደር እንሥራ» ይላሉ፣ ፌዴሬሽኖቹ «እኛ ባንኖር ይሞታሉ» ይላሉ፤ ልጁ ሚያዝያ ላይ ሻንጣውን ይዞ እናቱ ቤት ይገባል።

ትልልቆቹም ቢሆን የሚጣሉት ከፌዴሬሽን ጋር ብቻ አይደለም። ለብቻቸው ሊብራ የሚባል ኅብረት አቋቁመው የቴሌቪዥን መብታቸውን በጋራ ሸጡ። በመስከረም 2025 ፍላሜንጎ «አከፋፈሉ አልተስማማኝም» ብሎ 77 ሚሊዮን ሬያል በፍርድ ቤት አሳገደ። በዚህ ጊዜ የተራበው ባንጉ አይደለም፣ እኩዮቹ ነበሩ። ክለቤን አውቀዋለሁ፤ አልገረመኝም።

ያልጠበቅኩት ሌላ ነው። በፌዴሬሽኖች ድምፅ የተመረጠው የሮራይማው ሐኪም ጥቅምት 2025 ላይ አዲስ ካላንደር ይዞ ወጣ። ከ2026 ጀምሮ የግዛት ሻምፒዮናዎች ከ16 የጨዋታ ቀን ወደ 11 ይወርዳሉ፤ ብሔራዊው ሊግ በጥር መጨረሻ ይጀምራል። የራሳቸው ሰው ቆረጠባቸው። ለታች ላሉት ደግሞ አራተኛው ዲቪዚዮን ከ64 ወደ 96 ክለብ እንዲሰፋ ተደረገ። ቦም ሴንሶ የጠየቀው ነገር ከ12 ዓመት በኋላ፣ በግማሽ፣ ባልታሰበ ሰው እጅ መጣ።

ይህን ሁሉ ለባጃጁ ሾፌር ነገርኩት። እሱን የማረከው ግን ሌላ ነው። በ2024 የሪዮ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ኖቫ ኢጉዋሱ የሚባል ክለብ ትልቁን የሪዮ ክለብ ቫስኮ ዳ ጋማን ጥሎ ፍጻሜ ገባ። ከሪዮ ዳርቻ፣ ሠራተኛ ከሚኖርበት አካባቢ ነው፤ የተመሠረተው በ1990 ነው፤ ማሊያው ብርቱካናማ ነው።

«ፍጻሜው ስንት ለስንት አለቀ?»

«3 ለ 0፣ ከዚያ 1 ለ 0። ፍላሜንጎ።»

«ያንተ ቡድን።»

«የኔ ቡድን።»

መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ከወንበሩ ሥር ጨርቅ መዘዘና የፊት መስታወቱን ወለወለ። ጋደም ያለው ሚላን ነው። ባለፈው ዓመት ለጨርቅ ይሆነዋል ብዬ የሰጠሁት። ሉብራክስ የሚለው ጽሑፍ አሁን የሚነበበው በግማሽ ነው፤ የባጃጅ ዘይት ፈሶበታል።